ከፋይ

የኪልቫሪ አጥቢያ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው፤
ቤተ ክርስቲያኑን ሰኞ የሚረከበው
ከከተማ መጥቷል ሊያድስ፣ ሊኖርበት፣
መኝታ ሊያደርገው የደወሉን ሰገነት።
ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዝናቡ አላባራም።
ሌላ ሥራ የለኝ፣ ለወሬም አልጠራም፤
መዝገቡን ገለጥኩት።

ሦስት መንደር ነበርን፦ ከወንዙ ዳር ሚልሃ፣
ወፍጮው የሚያጓራ ሲሞላለት ውሃ፤
ከጉብታው በላይ በጎች የወረሱት
ኦቨርቶን፣ ካርታው እንኳ ሊጽፉት የረሱት፤
መሐል ላይ ድሩምቢ፣ የሸማኔ ሰፈር፣
በየመስኮቱ ሥር ጉድጓድ የሚቆፈር፣
እግሩን ምድር ቀብሮ የሚውል ሰው አገር።

በሺህ ሰባት መቶ ዐሥራ አራት ዓመት
ከኤደንብራ መጣ፣ በፈረስ፣ በክረምት፣
አንድ ጥቁር ከፋይ፣ ጠርዝ ጠርዙ በሐር፣
ሟችን ሁሉ የሚሸኝ እስከ ጉድጓዱ ዳር፣
ከዚያ የሚመለስ፣ አብሮ የማይቀበር።
ኪራይ፦ ለአዋቂ ሦስት ሽልንግ፣ ለልጅ ግማሹ፤
ገቢው ለድሆች ነው፤ ድሆቹም መልሰው ያንኑ ለበሱ።
ባላባቱ ሞቶ ማክሰኞ ለበሰው፤
ሐሙስ የወፍጮው ልጅ፣ ኩፍኝ የጨረሰው።
ከፋዩ ምን ያውቃል
የማን ደረት እንዳለ ከሥሩ?

ኤቤኔዘር ጊልክሪስት፣ አስተማሪ፣ ጸሐፊ፣
ለቀለሙ ስስታም፣ ኃጢአት ሲሆን ሰፊ፣
በሠላሳ ስድስት እንዲህ አስፍሯል፦
«ግሪዜል ዳልግሊሽ፣ የድሩምቢ ፈታይ፣
ያለ ባል አርግዛ ቀረበች ሸንጎው ላይ።
አባቱ ማነው ስትባል ዝም አለች።
ሦስት እሑድ በንስሐው በርጩማ ትቀመጥ ተባለች።»
ሁለተኛው እሑድ፦ «ተጠየቀች። ዝም አለች።»
ሦስተኛው እሑድ፦ «ዝም።»
ኃጢአት ላይ ሰፊው ሰው እዚህ ላይ ጠበበ።
ከጎኑ፣ በኅዳጉ፦ «ወንዙ በረዶ ሆነ።»

ከዚያ ገጹ ይሮጣል። የኦቨርቶን ጭሱ፣
የዐሥራ ዘጠኝ ጎጆ ጣራቸው መፍረሱ
አልተጻፈም የትም። የተጻፈው፦ «ዘንድሮ
ከላይኛው መንደር የጨርቅ ኪራይ የለም።»
የሞተ የለማ! ማን ቀርቶ ይሞታል?
ጭሰኛው ሲሄድ ጭሱም ይከተላል።
ሳማ ነው ምስክር፤ እስከ ዛሬ ድረስ
ምድጃ ከነበረበት ለይቶ ይበቅላል።

ሠላሳ አራት ዓመት። የጽሕፈቱ እጅ ሌላ ነው።
(ጊልክሪስትም በተራው፣ ያለ ቅናሽ፣ ሄዷል።)
«ግሪዜል ዳልግሊሽ። ሙሉ ኪራይ፣ ሦስት ሽልንግ።
ከፋይ፦ ስሙን ያልተናገረ ሰው።»

ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ።
እሷ ያልጠራችውን ስም እሱም አልጠራው።
ሦስት እሑድ ብርድ ላይ፣ ሦስት ሽልንግ ሒሳቡ፤
ለአንድ እሑድ አንድ ሽልንግ! አይ የሰው ማሰቡ!
ወይስ ዝምታዋን ሊጠብቅላት ነው?
አላውቅም። ተናደድኩ፤ መልሼ አዘንኩለት።
ልጁንም ፈለግሁት፤ የተወለደበትን ገጽ
አይጥ በልታዋለች።

ድሩምቢ የፀጠው ማሽን ከመጣ ነው፤
ሚልሃ ሁለት ቤት፣ አንዱ ለአገር ጎብኚ ነው።
የሽያጩ ውል ላይ «ከፋይ» የሚል ቦታ
ገዥው ስሙን ጽፏል፣ ደማቅ፣ በእርጋታ፣
ሦስት ስም፣ ከነአባቱ፣ በትልልቅ ፊደል።

ሌላው ከፋይ ግን እዚሁ ነው፣ ሣጥን ውስጥ፣
ተመልጧል፣ ወይቧል፣ ብል የሠራው ብጥስጥስ፣
ንብረት ሲቆጠር ማንም ያላነሳው።
ዝናቡ አላባራም። ብርድ ነው። ከፋዩን
ጉልበቴ ላይ ጣልኩት።
አልደረሰም ኪራዩ።