የጣሳ ስፌት

ሃያ ሰባት ዓመት በቢቱንግ ፋብሪካ፣
የቱና ጣሳ አፍ ስነካ ስለካ፣
ክዳኑ ከአፉ ጋር ሲሰፋ ሲታጠፍ፣
አየር እንዳይገባ፣ ዘይቱ እንዳያልፍ፣
በጥፍሬ ዳስሼ፣ በዓይኔ መርምሬ፣
«አልፏል» ወይ «ወድቋል» ማለት ነበር ግብሬ።

ባሕሩን ካላችሁ፣ ከደጄ ይጀምራል፤
ሽታው ከልጅነት ፀጉሬ ውስጥ አድሯል፤
ከሥሩ ያለውን ግን ማን ጠይቆ ያውቃል?
የሩቅ አገር ሰዎች ሣጥን ተሸክመው
ይመጣሉ እንጂ፤ ፊት ለፊቴ ሰጥመው፣
ሲወጡ ይስቃሉ፣ አንዳች ነገር አይተው።

ጡረታ ወጣሁና ገንዘቤ ሲቆጠር፣
«ጣሪያ አድሽበት» አለ ጎረቤት ሲመክር።
በሚኒባስ ሄድኩ፣ ማናዶ፣ ስቴንሊ ሱቅ።
ከመደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ አወረደ፤
ዋጋ በጠራ ቁጥር ጉልበቴ ራደ።
«ሰፊው ሌንስ ይሄ ነው፤ ዓሣ ነባሪ ቢያልፍ ከነጅራቱ ይይዛል።
ይሄኛው ለጥቃቅን ነው፤ የሽሪምፕ ዓይን ይቆጥራል።
ብቻ ልብ በይ፣ ታንተ» (እትዬ እንደማለት ነው በእኛ)፣
«ከውሃ በታች ሆነሽ ሌንስ አይለወጥም፣
በደረቅ የመረጥሽው በእርጥብ አይገለበጥም።»

ዓሣ ነባሪ ለእኔ ምኔ ነው? ጥቃቅኑን አልኩት።
ዕድሜዬን በሚሊሜትር የኖርኩ ሴት ነኝ።
ካሜራው ያገለገለ፣ ጥጋጥጉ የተጫረ፣
የማላውቀው ሰው ስሙን በጥፍር ቀለም ጽፎበት የነበረ፤
ፍላሹ አንድ ብቻ፣ ለሁለተኛው አልበቃኝም።
የተረፈው ጭምብል ላይ ሄደ፤
በንባብ መነጽሬ ልክ መስታወቱ ተሞረደ፤
ያለዚያማ ዓሣ ከጠላቂ አልለይም።

በመጨረሻ ቀዩን የጎማ ቀለበት አወጣ፣ እንደ ክር ቀጭን።
«ሣጥኑን የምትዘጋው ይቺ ናት። አንድ ፀጉር ቢያርፍባት፣
አንዲት ቅንጣት አሸዋ፣ ለካሜራሽ ለቅሶ ተቀመጭለት።»
ሳቅ አመለጠኝ።
«ልጄ፣» አልኩት፣ «ለእኔ ነው የስፌት ትምህርት?»

ቤቴ ገብቼ ባዶውን ሣጥን፣ ካሜራው ሳይገባ፣
ሶፍት አጥፌ ከተትኩበት፣ ድንጋይም እንዳይንሳፈፍ፣
የዝናብ ውሃ በርሜል ውስጥ አሰጠምኩት።
ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ በባትሪ ላየው፤
ጎረቤት አይቶኝ ቢሆን ምን ይል እንደነበር እግዜር ይወቀው።
ሲነጋ የሶፍቱ ጥግ፣ የጥፍር ያህል፣ ርሷል።
ወድቋል።
ፋብሪካ ቢሆን ቀኑን ሙሉ የታሸገው ይጣላል።
ቀለበቷን አውጥቼ በጣቶቼ መሃል አሳለፍኳት፤
አንድ ፀጉር። ነጭ። የራሴ።
ሻሽ አስሬ፣ ጠርጌ፣ ቅባቱን ለስሙ ያህል ቀብቼ
እንደገና አሳደርኩት።
ደረቅ።

ቅዳሜ ከፍራንኪ ጋር ወረድን።
ጥቁር አሸዋ። ጎማ፣ ጠርሙስ፣ የአንድ እግር ጫማ፤
ከተማችን የጣለው ሁሉ እዚያ ተከራይ አግኝቷል።
ፍራንኪ በዘንጉ ጠቆመኝ፤ ጣሳ።
ዝገት ወገቡን በልቶታል፤
ስፌቱ ግን፣ ኧረ ስፌቱ! እንደያዘ ነው።
ውስጡ ኦክቶፐስ፣ ከመዳፌ የማይበልጥ፣
ሁለት ዓይኑን ብቻ አውጥቶ፣
የዛጎል ስባሪ እንደ ክዳን ጎትቶ
ራሱን ከውስጥ አሸገ።
ከፈተ፤ አየኝ፤ ደግሞ አሸገ።
ትንፋሼን ያዝኩ፣ ፍራንኪ «በፍጹም እንዳትይዢ» ብሎኝ ሳለ፣
ጣቴ ግን ቁልፉን ተጫነ።

ጀልባው ላይ ምስሉን አጉልቶ አጉልቶ አንገቱን ነቀነቀ።
«ታንተ ሜይስኬ፣ እንስሳው ደብዝዟል። ጥርት ብሎ የወጣው...»
«ጣሳው ነው፣» አልኩ።
እጥፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድም ቦታ አልሳሳም፤
የማን እጅ እንዳሳለፈው አላውቅም።
ከልማዴ የካሜራውን መስኮት በጥፍሬ ዳሰስኩ፣
ጨዋማ ነበር።
«አልፏል።»