ፈረሰኛው

የአምና ፋሲካ፣ ቸቸላ፣ እዚሁ ቤት፣
አስራ ዘጠኝ ሰው በልቶ እኔ ቆሜ ያነጋሁበት፤
ጨው በዝቶ፣ ውሃ በፈረቃ ሄዶ፣ እንቁላል ጎድሎኝ ዋትቼ
ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ በሽንኩርት አመካኝቼ።

ዘንድሮ ሥራውን ከፈልኩት፣ በወረቀት፣ እንደ ዕቁብ ዕጣ፤
አዛናው ሽንኩርት ይክተፍ፣ ደጊቱ ብልት ታውጣ፤
ወንበር ከእድር ይምጣ፣ ሮቶው ማክሰኞ ይሞላ፣
መከለሻው የኔ ይሁን፣ ሌላው በሙሉ ለሌላ።

«ምን ይዘን እንምጣ?» ላሉኝ እንደ ድሮው «ምንም» አላልኩኝ፤
«ዳቦ» አልኩ። «ለስላሳ» አልኩ። «ሳፋ» አልኩ። አላፈርኩኝ።

ሌሊት ዘጠኝ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲመለሱ፣
ድስቱ ቅቤውን አንሳፍፎ ቆየ፣ ክዳኑን እስኪያነሱ።
እንቁላል ግን ዘንድሮም ጎደለ።
ሁለት።
«እየገመሳችሁ ብሉ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ጭልፋው ፈረሰኛውን ይዞ ወደ አማቼ ሲያዘግም፣
«ለእሷ» አሉ ሽማግሌው፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።
ተቀብዬ በላሁ። ሳልነሳ። እስከ አጥንቱ ሥር።
ጨው ግን፣ እውነት ለመናገር፣
ዘንድሮም በዝቶ ነበር።