ቁራጭ

እናቱ ሰኞ ገበያ፣ ከቆዳ ተራው ሥር ያደገች፣
እግሯ ረጅም፣ ጎኗ ሥጋ የራቀው፣ ማንም ያላሰራት ነበረች።
አባቱን ያየ የለም፤ ሰፈሩ ግን መሰከረ፦
የሆቴሉ ነጭ ጠጉራም፣ አንድ ሌሊት ከግቢ ውጭ አደረ።

ከዚያ ይሄ መጣ፤
ጅራቱ ከልኩ ያጠረ፣ ጆሮው እንደ ኪስ የታጠፈ፣
መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ በግምት የተጠለፈ።
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለስሙ ሩቅ አልሄድኩም፤ «ቁራጭ» አልኩት፣
ከአንገት እስከ ጭራ፣ አርባ ሁለት ሴንቲ ለካሁት።

የጦሳ ጉም ሲወርድ ይንቀጠቀጥ ነበር ደርሶ፣
ዛሬ ይንጎራደዳል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትራፊ ለብሶ።
ሁለት ቁልፍ ከሆዱ ሥር።
ሦስተኛውን በላው።

ጠባዩን ልንገራችሁ፦ ባጃጅ ይሳደባል፣ አህያ ያከብራል፤
ሰማይ ያጉረመረመ ቀን ጀግንነቱ ከስፌት መኪናዬ ሥር ያድራል።
ደንበኛ ስለካ ይቀናል፤ የሰው ወገብ ስይዝ አይወድም፤
ቢቆጡት ሁለት ቀን ያኮርፋል፤ በዱላ ግን አይለምድም።

የዶሮ አጥንት አልሰጠውም፤ ጉሮሮ ይወጋል።
መዥገሩን በወረንጦ፣ ከሥሩ፣ ቀስ ብዬ እነቅላለሁ፤
በዓመት አንዴ ለክትባት፣ በዘንቢል አንጠልጥዬ እወስደዋለሁ።
ካርዱ ላይ «ዝርያ» ከሚለው ፊት የሐኪሙ እስክሪብቶ ቆመ።
«ወሎዬ» አልኩት።
ሳቀ። የእሱም አባት ሼህ፣ እናቱ የቄስ ልጅ ናት፤
ሳያቅማማ ጻፈው።

ጎረቤቴ እትዬ ጦይባ በአጠገቡ ስታልፍ ቀሚሷን ትሰበስባለች፤
«ምራቁ ከነካኝ ሰባቴ ማጠቤ ነው» ትላለች።
አልተቀየምኳትም። እሱም ገብቶታል፤
ከደጇ አንድ ክንድ ርቆ፣ አፉን ገጥሞ ይቀመጣል።

ሐምሌ ላይ ሆስፒታል ገባሁ። ሐሞት። አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ፣
ከስቶ፣ ምናልባትም ሞቶ፣ አገኘዋለሁ ስል መጣሁ።
ወፍሯል!
ከበሯ ሥር አፉ የተሸረፈ ሳህን፣ ከጎኑ ረጅም ዘንግ፤
በዘንግ እየገፋች፣ በየማለዳው፣ የሾርባ ትራፊ ስታቀርብለት ኖራለች።
«ምን ላርግ፤ ሌሊት ያላዝናል። አብሽር፣ ይመጣል፣
እለው ነበር በመስኮት» አለችና
ቀሚሷን ሰበሰበች።

ካፖርቱ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ልጇ ሙሄ አውልቆት፤
ታጥቧል፣ ስንቴ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
ሦስተኛው ቁልፍ ተተክቷል፤
በአረንጓዴ ክር፣
በእኔ እጅ ባልሆነ ስፌት።