ሲጠሩት ያልጠራ

ከቮሩ ወጣ ብሎ ካለው፣ ጥድ ከሚሰነጠቅበት፣
በረዶና የመጋዝ ብናኝ በአንድ አካፋ ከሚዛቅበት፣
ኢልማር ሠላሳ አራት ዓመት ከማጓጓዣው ዳር ተቀምጦ
ሳንቃ ይለያል፤ ጉጥ፣ ስንጥቅ፣ ሻጋታ፣ በዐይኑ መርጦ።

ሁለት ክረምት ታርቱ ወስደው ከስክሪን ፊት አስቀመጡት፤
አርባ ሺህ ፎቶ እያሳዩ «ይህስ?» እያሉ ጠየቁት።
«ደህና»፣ «ጉጥ»፣ «ደህና»፣ «ሻጋታ»፤ ጣቱ እስኪዝል ተጫነ፤
ያየው ሁሉ እየጠለለ ቁጥር ሆነ፣ መረብ ሆነ።

ያ መረብ በፓይተን ተወልዶ፣ ፓይተን ጠጥቶ ያደገ፤
የመጋዙ ፕሮግራም ግን ከሲ ፕላስ ፕላስ ፈቀቅ ማለትን ያልፈለገ።
እኔ ነኝ በመሃል ያለሁ። «ቪርቬ፣ በይ አገናኚ» አሉኝ።
ፋይሉን ከፈትኩ፤ የመግቢያውን በር፣ የመውጫውን በር ቆጠርኩኝ፤
ስንት ረድፍ፣ ስንት ዐምድ፣ ስንት ቁጥር እንደሚጠብቅ።
ሌላውን አይናገርም ፋይል፤ ያልነገሩትንም አይጠይቅ።

ሦስት ቀን ተኳረፉ፤ አንዱ ላይብረሪ ሌላውን ገፋ፤
ያኛው ስሪት ሲያረጅ ይኸኛው ሲጎድል፣ የሰኞም ብርሃን ጠፋ።
ብርሃኑን ለሁለት መቶ ሃምሳ አምስት አካፍዬ፣ ምስሉን አሳንሼ በልኩ፣
እንደ ሕፃን ምግብ አድቅቄ፣ በማንኪያ ልክ አቀረብኩ።

ማክሰኞ ሌሊት ጠራሁት።
መለሰ። በዐሥራ አንድ ሚሊ ሰከንድ።
የመጀመሪያው ሳንቃ፦ ሰማያዊ ሻጋታ። ሁለተኛው፦ ሰማያዊ።
ሦስተኛውም በዚያው መንገድ።
እንደ ማር የሚያበራው ጥድ፣ ገና ሙጫው ያልደረቀ፣
አንድ ሳይቀር ተፈረደበት፤ ከማገዶው ክምር ወደቀ።

ጠርቼው ነበር፤ አልጠራም።
አቤት አለ እንጂ በጥሪዬ፣ ያየሁትን እሱ አላየም።

ኢልማር ቴርሞሱን ይዞ መጣ፤ ከኋላዬ ቆሞ ሳቀብኝ፤
«እኔም እንዲህ ነበርኩ በመስከረም፣ ሐኪም ሞራዬን ሲገፍፍልኝ፤
ሳምንት ሙሉ ወተቱ፣ በረዶው፣ የሳልሜ ሽበት ሳይቀር
ሰማያዊ ሆኖብኝ፣ ያረፍኩ መስሎኝ ነበር።»

ያኔ ገባኝ። ካሜራው ቀለም ሲዘረዝር ከሰማያዊ ይጀምራል፤
መረቡ ግን፣ እዚያ ታርቱ፣ ቀይ ይቀድማል ብሎ ተምሯል።
አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ፊተኛውን ኋለኛ አደረግሁት፤
ጥዱ ወደ ማር ቀለሙ ተመለሰ። እንደገና ጠራሁት።

ጠራ።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ካርቶን ዶናት ላከ።
ኢልማር አልበላም። ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና እጁን ሰደደ፤
መረቡ «ደህና» ብሎ ያሳለፈውን አንዱን ሳንቃ ወደ መስኮቱ ወሰደ።
«ይታይሻል?» ክር የምታህል ሰማያዊ፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ ስስ።
እኔ አልታየኝም፤ መረቡም አላየ። እሱ ግን በጣቱ ዳሰስ፣ ዳሰስ።

«ያን አርባ ሺህ ፎቶ» አለ፣ «ሞራዬ ሳይገፈፍ ነው የፈረድኩት።
ቢጫ መጋረጃ ነበረብኝ፤ ይህን ሁሉ ደህና አልኩት።»

ስለዚህ ይህ የጠራሁት፣ ሳይሰንፍ አቤት ባዩ፣
የዛሬው ኢልማር አይደለም፤ የአምናው ነው፣ ከነግርዶሹ፣ ከነአተያዩ።
በየትኛውም ቋንቋ ቢጠሩት ከተፍ ይላል፣ ሌሊትም፤
መስከረም ላይ ግን አልደረሰም።

«ታርቱ ልደውል?» አልኩት፤ «እንደገና እናስተምረው።»
«ነገ» አለ። ሳንቃውን ከግድግዳው አስደገፈ፤
ከአምናው ራሱ ጎን ተቀመጠ።
ቀጣዩ ጥድ አለፈ።