ባዶው መስመር

ከኡላንባታር ተነስተን፣ ሁለት ቀን ሙሉ በመኪና፣
ኡሊያስታይ ስንገባ ጀምበሯ አልወጣችም ገና፤
ውርጩ ከዜሮ በታች አርባ ሁለት፣
የሹፌሬ ጢም ነጭቷል በገዛ ትንፋሹ ዱቄት።
በቦርሳዬ መቶ ስድስት ጥያቄ፣ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንድ ማኅተም፤
በግንባሬ ሳያይ የማያምን ዓይን፣ ወዳጅም የለው፣ ዘመድም።

ባለፈው ሳምንት የመረመርኩት የደም ባንክ፣ ስሙ ይቆይ፣
መዝገቡ ያምር ነበር፤ ሥዕል እንጂ መዝገብ ይባላል ወይ?
በየአራት ሰዓቱ አራት ዲግሪ። አራት ዲግሪ። አራት።
በዓል ሲሆን አራት፤ መብራት ሲጠፋም አራት።
ያው ቀለም፣ ያው እጅ፣ ያው የፊደሉ ዝንባሌ፤
ሠላሳ ሌሊት ባንድ ከሰዓት፣ ሻይ እየተጠጣ የተጻፈ ነው በበኩሌ።
ቅጹ የጠየቀውን ግን አሟልተዋል።
ዘጠና ስምንት ሰጠኋቸው። እጄን ጨብጠው ሸኙኝ።

እዚህ ጼረንዱላም ናት የባንኩ ኃላፊ፣
ኃላፊም ቢሏት ብቻዋን ነች፤ ደም ቀጂ፣ መርማሪ፣ ጸሐፊ።
መዝገቧን ከፊቴ አኖረች፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ
ገጽ በገጽ ሄድኩበት፣ ጥፋት እንደ ቅማል ፈልጌ።
ሦስት ነጥብ ስምንት። አምስት። አራት ነጥብ አንድ። አምስት ተኩል።
ቁጥሩ እንደ ልብ ምት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።
ከዚያ ጥር ሃያ ሦስት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ባዶ መስመር። ቁጥር የለ፣ ፊርማ የለ፣ እስከ ንጋት፤
ነጭ ብቻ፣ ከመስኮቱ ማዶ እንዳለው ሜዳ፣
እግር እንዳልረገጠው በረዶ፣ ጸጥ ያለ እዳ።

«ይህስ?» አልኳት።
«መብራት ሄደ። የጄኔሬተሩ ናፍጣ እንደ ሞራ ረጋ።
ሌላ አገር ደሙ እንዳይሞቅ ይሰጋሉ፤ የእኛ ሌላ ነው ሥጋት፤
ከበረደ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ እንደ ጠርሙስ በክረምት ሌሊት።
አሥራ አንዱን ከረጢት በበግ ለምድ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌ አደርኩ፤
የእስክሪብቶው ቀለም ረግቶ እምቢ ሲለኝ፣ ተውኩ።
ጠዋት ልሞላው እችል ነበር፤ ማን ያየኛል? አራት ብል ማን ይጠይቃል?
ያላየሁትን ቁጥር ግን እጄ መጻፍ ያፍራል።»

«ደሙስ?»
«ጣልኩት።»
«አሥራ አንዱንም?»
«ደረቴ ቴርሞሜትር አይደለም» አለች።
አንደኛው ከረጢት የልጇ ነበር፣
አሥራ ስምንት በሞላው ዕለት የሰጠው፣ ክንዱን እያየ ሲኮራ፣ ሲያፍር።

በሦስተኛው ቀን ከገጠር አንዲት ወላድ መጣች፣ ደሟ እንደ ውሃ ሲወርድ፤
መደርደሪያው ባዶ። ጼረንዱላም ስልክ ይዛ በሌሊት ሰው ስትለምን፣ ስታዋርድ፣
ፖሊሱ መጣ፣ ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀ ምርመራው።
ሴትየዋ ዳነች። ባሏ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያያት ያዞራል ፊቱን፣ ከነምሬቱ፣ ከነቁጣው።

ከአሥራ አንዱ አንዱን ለምስክር አቆይታለች፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን።
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይህ ግን እያደር ቀልቶ አየን፤
ከላይ የገለባ ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ ደም መስሏል።
«የቀሩት አሥሩስ?» አልኩ። «እነሱን ሰማይ ያውቃል።»

ጥያቄ አርባ ሰባት፦ የሙቀት መዝገቡ ያለ ክፍተት ተሞልቷል?
አይ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል?
ሰባ አንድ። ውጤቷን አየች፣ ፈረመች፣ ቃል አልወጣትም።
የእኔ ደም ቢጎድል ከየትኛው ባንክ እቀበላለሁ? ቅጹ ይህን አይጠይቅም።

ስወጣ እጅጌዬን ሰብስቤ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከኀፍረትም ይሁን ከሌላ።
«ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» «ሦስት።» «ምን በላህ?» «ምንም።» ግፊቴን ለካች ቀጥላ።
«አትችልም። ተኛና ና።»
ስሜን ውድቅ ከሆኑት ተርታ
አሰፈረችው፣ ከነሰዓቱ። እስክሪብቶው ጻፈ።