ይከፈላል

ከሮሳሪዮ ስንወጣ ጎህ ገና አልቀደደም፤
ዴልፊና መሪውን ይዛለች፣ እኔ ካርታውን፣ ካርታው ግን አይጠቅምም።
የአባታችን ሬኖ ነው፣ የግራ በሩን በሽቦ ያሰርነው፣
ሦስተኛ ማርሽ ሲገባለት እንደ ሽማግሌ የሚያስለው።
ኋላ ወንበር ላይ አንድ ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ፎቶ፣
በፎቶው ላይ አያታችን፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቆ፣ ከበር ተጠግቶ።
በላዩ የተጻፈው ተቆርጧል፤ የሚነበበው «ዳቦ ቤት» ብቻ፣
የከተማዋ ስም ቀርቷል ከወረቀቱ ዳርቻ።

አባታችን ሲያወራልን፦ «አንሰልሞ ማለት ጌታ ነበር፣
ባለ ሁለት ምድጃ፣ ለአገር ለምድሩ ዳቦ የሚቸር፤
ባቡሩ ሲቀር፣ ጣቢያው ሲዘጋ፣ ያኔ ወረደ ወደ ከተማ።»
እኛም አምነን አደግን፤ ወሬ ይጣፍጣል ሲሰማ።

ሜዳው ሜዳ ነው። ሌላ ምን ይባላል?
ሰማይ እንደ ክዳን ተደፍቶበት ይውላል።
አኩሪ አተር፣ አኩሪ አተር፣ አንድ ላም፣ ደግሞ አኩሪ አተር፣
አንድ የነዳጅ ማደያ በመቶ ኪሎሜትር።

ሳንታ ኤውላሊያን የቀትር እንቅልፍ ወስዷት አገኘናት፤
ከአንድ ውሻ በቀር ቀና ብሎ ያየን የለም፣ ዞረን ተውናት።
ላስ ጋርሳስ ጣቢያው ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፣
ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ግን ቀብር ሄዷል።
«የማን ቀብር?»
«የባቡር ነጂው» አሉን፣ «በዘጠና ሁለት ዓመቱ።»
«ያመለጠን ባቡር» አለች ዴልፊና፣ «ዛሬም አለፈ ሰዓቱ።»

ወደ ኮሎኒያ ሴሊና መንገዱ አስፋልቱን ጥሎ
አቧራ ሆነ፤ ሬኖው ቆመ፣ ያለ ውሃ ተቃጥሎ።
ውሃ ፍለጋ የገባንበት የዶኛ ኤርሚኒያ ሱቅ ነው፣
ከክር እስከ ኮርቻ፣ ከሳሙና እስከ ምስማር የሞላው።
ፎቶውን ሰጠናት። መነጽሯን ፈለገች፤ ግንባሯ ላይ ነው ያለው።
«ሰውዬውን እንጃ» አለች፣ «በሩ ግን… ከኋላችሁ ያለው ነው።»

ዞር አልን። ያው ስንጥቅ፣ ያው የዛገ ማጠፊያ፤
ሳናውቀው የገባንበት፣ የእኛው ውሃ መጠየቂያ።

ዳቦ ቤቱ የአባቷ ነበር፤ ሽርጡም የአባቷ ሽርጥ።
ከባንኮኒው ሥር መዝገብ አወጣች፣ ጥጉን የቀመሰው አይጥ፤
ጣቷ በስሞቹ ላይ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ፦

     አንሰልሞ፣ ምድጃ ጠራጊው ልጅ።
     ሦስት ከረጢት ዱቄት።
     አንድ ጥንድ ጫማ።
     ሽርጥ፣ ለፎቶ፣ በውሰት።
     ይከፈላል።

ከዚያ ወዲያ ገጹ ባዶ ነው። በመጨረሻው ባቡር ሄዷል፣
ከነጫማው። «አባቴ» አለች፣ «ጣቢያው ላይ ቆሞ አይቷል፤
እጁን አነሳ፣ ግን አልጠራውም።»
ለምን እንዳልጠራው አልነገረችንም፤
እኛም አልጠየቅንም።

ባለ ሁለት ምድጃው ጌታ! በሰው ሽርጥ የተኮፈሰ!
ሳቄ መጣ፤ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመለሰ።
ዘር ከልጓም ይስባል ሲሉ የሰማሁት ስለ ደም፤
ሦስት ከረጢት ዱቄት እንዲህ ይስባል ብዬ አላውቅም።

ዴልፊና ቦርሳዋን ከፍታ «በዛሬ ፔሶ ስንት ይሆናል?» አለች።
«የዚያን ዘመን ፔሶማ፣ ልጄ፣ አራቴ ቀብረነዋል» ብላ ሳቀች፤
«ዜሮው ረግፎ ረግፎ፣ ዕዳው ከአንድ ክብሪት አይበልጥም።
መዝገብ ግን መዝገብ ነው፤ ክብሪቷንም ቢሆን አልምርም።»

ከመኪናው ወለል አንዲት ሳንቲም ለቀምን፣ ማስቲካ የተጣበቀባት።
እርሳሷን በምላሷ አርጥባ፣ ያቺን ቃል በቀስታ ሰረዘቻት።
ደረሰኝም ጻፈችልን፣ በአንሰልሞ ስም፣ ቀኑን የዛሬ አድርጋ፤
ከፎቶው ሥር አኖርነው፣ ዴልፊና እንዳይጨማደድ ተጠንቅቃ።

ማታ፣ መንገድ ላይ፣ አባታችን ደወለ፦ «አገኛችሁት? ቤቱ አለ?»
«በሩ አለ» አለች ዴልፊና፣ ድምጿ ትንሽ እየዋለለ።
«ምድጃዎቹስ?»
እኔን አየችኝ። በመስታወቱ ሣጥኑን አየች።
ራዲያተሩ ውስጥ የዶኛ ኤርሚኒያ ውሃ ይንተከተካል።
«ሁለቱም» አለችው። «ሁለቱም አሉ፣ አባ።»
ሦስተኛ ማርሽ አስገባች።
መኪናው አሳለው።