አራተኛው ዓምድ

የኮርቬይራ ወደብ፣ የአጥማጆች ማኅበር ቢሮ፣
ዝናቡ መስኮት ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ።
አዛውንቱ ኤላዲዮ ደብተር ታቅፎ መጣ፤
ጨው የበላው ሽፋን ከካፖርቱ ወጣ።

«ባሕር የወሰዳቸው» ይላል ከላይ ርእሱ፤
ሁለት መቶ ሦስት ሰው፣ ወጥተው ያልተመለሱ።
ስም፣ ጀልባ፣ ዓመት፣ ዕድሜ፤ ሌላ ምንም የለም፤
ማንን ይወድ እንደነበር፣ ምን ይፈራ እንደነበር፣ ዓምድ አልተሰጠውም።

«ለግንቡ ጽሑፍ ነው» አለኝ፣ «በዕድሜ ደርድሪልኝ፤
ትንሹ ይቅደም። ብቻ አደራ፣ እንዳታፋልሺብኝ።
የእህቴ ልጅ ባለፈው በራሱ ሞክሮ፣
የዕድሜውን ዓምድ ብቻ ለይቶ ደርድሮ፣
ስሙ ቆሞ ቀረ፣ ዕድሜው ብቻውን ሄደ፤
ሕፃኑ ሸበተ፣ ሽማግሌው ተወለደ።»

«መስመሩ አይበጠስም» አልኩት፣ «ሰው ከነጓዙ ይነሣል፤
ዓምዱ መንገድ ይመራል፣ መላ አካሉ ይከተላል።»

ጻፍኩ፦ ደርድር፣ በአራተኛው ዓምድ። ቁልፉን ተጫንኩ። ወዲያው ታየ።
የኤላዲዮ ጣት ወርዶ፣ ወርዶ፣ ከታች አንድ ስም ላይ ቆየ።

«ብራይስ እኮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ገና እንቡጥ ነበር፤
ከስልሳ አንዱ ካፒቴን በታች ምን ያደርጋል ከሥር?»

ከእሱም ሥር፣ ከሁሉ በታች፣ አንድ እንግዳ ሰው ሰምጧል፦
ስሙ «ስም»፣ ጀልባው «ጀልባ»፣ ዕድሜው «ዕድሜ» ይባላል።
ራስጌ የነበረው ርእስ ግርጌ ወርዶ ተኝቷል።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ማሽኑ አልዋሸም። ቁጥሩን እንደ ቃል ነው ያነበበው፤
ከግራ፣ ምልክት በምልክት፤ ስድስት ከዘጠኝ ይቀድማል፣ ያው ነው።
ስልሳ ስልሳ መሆኑን ማንም አልነገረው።

አንዲት ፊደል ጨመርኩለት፣ «ቁጥር ነው» የምትል ምልክት።
ብራይስ ከግርጌ ተነሣ፣ በአዛውንቶቹ መካከል ሾልኮ ወጣ በፍጥነት፣
ጀልባውን በብብቱ፣ ዓመቱን በእጁ ይዞ፤
ራስጌ ደረሰ፣ ውሃ እንዳራሰው፣ ፈዝዞ።
ርእሱም ላይ ተመለሰ፣ በቁጥር ሚዛን ዜሮ መዝኖ።
(ማዕረግ ሁሉ እንዲህ ይሆን? ፊት የሚቆም ባዶ ሆኖ?)

ከዚያ አሥራ ዘጠኞቹ። መንትዮች። አንድ ጀልባ፣ አንድ ሌሊት።
«ማሽኑ እኩል ሲያገኝ በስም ፊደል ያበላልጣል» ብዬ ነገርኩት፤
«በላቲን ተራ ከሄድን፣ ኡሺዮ ነው የሚቀድመው።»
ዝም አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሹራቡ ጫፍ ጠረገው።

«ዶሪንዳ ናት የጻፈችው፤ መረብ ትጠግን ነበረች፤
እናታቸው። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ሻኮቤን አስቀደመች።
በሩብ ሰዓት ይበልጠዋል።»

ሌላ ፊደል ጨመርኩ፦ እኩል ከሆኑ፣ እንደነበሩ ተዋቸው።
እሷ እንዳቆመቻቸው ቆሙ፤ ማሽኑም አልነካቸው።

ወረቀቱ ሞቆ ወጣ። ኤላዲዮ ካፖርቱ ውስጥ ከተተው።
«መርጠብስ በቅቷቸዋል» አለ፣ አዝራሩን እስከ አንገቱ ቆለፈው።